ማኅበሩ ሳይበተን፦ የጽዋ ማኅበርን ደረጃ በደረጃ ማደስ

የእኛ ማኅበር የሚካኤል ነው። በየወሩ በ12 እንሰበሰባለን። አያቴ ነበረችበት፣ እናቴ ወረሰችው፣ አሁን እኔ ጋ ደርሷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ሊበተን ትንሽ ነበር የቀረው። አሥራ ሁለት የነበርን ሰዎች አንድ ጥር 12 ቀን አምስት ብቻ ሆነን ተገኘን። ከቄሱ ጋር ስድስት። ተረኛዋ ሦስት ቀን ሙሉ ስትደግስ ከርማለች። ድፎው እንዳለ ተቀምጧል፣ ጠላው አልተነካም ማለት ይቻላል። ማታ ላይ "ጽዋውን ማን ያንሳ?" ሲባል፣ የሚቀጥለውን ወር ተራ ማን ይውሰድ ማለት ነው፣ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

ዛሬ አሥራ ሰባት ነን። ስድስቱ ከሠላሳ ዓመት በታች ናቸው። "እንዴት አደረጋችሁት?" የሚለኝ ሰው እየበዛ ስለመጣ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ማኅበራችሁ የማርያም ይሁን የጊዮርጊስ ወይም የመድኃኔዓለም፣ ብዙው ይሠራላችኋል። ሰንበቴ ላላችሁም እንደዚያው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ማኅበር ሲደክም ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው "ምን አዲስ ነገር እናምጣ?" ብሎ ነው። እኔ ግን "ማን ቀረ?" ብላችሁ ጀምሩ እላለሁ። ምን መለወጥ እንዳለበት የሚያውቀው የቀረው ሰው ነው። የሚመጣውማ ለምዶታል።

1. የቀሩትን ሰዎች ስም ጻፉ፣ ቤታቸው ሂዱ

አንድ ወረቀት አውጡ። ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት መምጣት ያቆሙትን ሁሉ በስም ጻፉ። ያገቡትን፣ ሰፈር የለቀቁትን፣ የተጣሉትን፣ የአባላቱን ልጆች ጭምር። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተከፋፈሉና ሄዳችሁ ጠይቋቸው። በስልክ አይሆንም። ስልክ ላይ ሰው "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ብሎ ይገላገላችኋል። ቤቱ ቡና ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ከተቀዳ በኋላ ነው እውነቱ የሚወጣው።

"ለምን ቀረሽ?" አትበሉ። የወቀሳ ቃል ነው። "ናፈቅሽን" በሉ፤ እሱ ይበቃል። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማኅበሩ ላይ ምን ከበደሽ? ምን ይናፍቅሻል? ተመለሺ ብንልሽ ምን ቢስተካከል ደስ ይልሻል? መልስ ስትሰሙ አትከራከሩ። "እንደዚያ እኮ አይደለም" ማለት ከጀመራችሁ ጉብኝቱ እዚያው ላይ አለቀ።

እኔ የሄድኩት ድሮ ጎረቤታችን ከነበረች እናት ቤት ነው። አሁን የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መኝታ ቤት ባለው ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳዋ ላይ የሚካኤል ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የጧፍ ጠብታ የደረቀበት ሳህን። አየሁና ዝም አልኩ። እሷ ራሷ ጀመረችው። "በየወሩ በ12 ብቻዬን አበራለሁ" አለችኝ። ከዚያ መሳቢያ ከፍታ የልጅ ደብተር አወጣች። ተራዋ ሲደርስ ለድግስ የሚሆን ገንዘብ ስታጠራቅም የጻፈችበት ነው። ሃምሳ ብር፣ መቶ ብር፣ እንደገና ሃምሳ። ግማሽ ላይ ቆሟል። "እኔ ሚካኤልን አልተውኩም፤ ድግሱን ነው የተውኩት" አለች።

ያ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እኛ እኮ "ዓለም በልጦባት ነው" እያልን ስናማት ነበር።

ሌሎቹም ጓደኞቼ የየራሳቸውን ይዘው መጡ። ከአዲስ አበባ መሀል፣ ከካዛንቺስ፣ ተነስተው ዳር ያለው ገላን ጉራ የገቡ ባልና ሚስት ማታ መመለሻ ትራንስፖርት የላቸውም። አንድ ጋሼ ሦስት ጊዜ ቀርተው መቀጫ ተጠራቅሞባቸው ነበርና ገንዘቡን ሳይዙ መምጣት አፈሩ። አንድ ወጣት "ይነበባል፣ ይበላል፣ ይሄዳል፤ አንድም ነገር አልገባኝም" አለ። ሁለት እህቶች ደግሞ በአንድ የሠርግ ጉዳይ ተኳርፈው ነው። እያንዳንዱን ምክንያት ከስሙ አጠገብ ጻፉት። የለውጡ ዕቅድ ማለት ይኼ ወረቀት ነው፤ ሌላ አያስፈልጋችሁም።

2. የማይነካውንና የሚነካውን ለዩ

አሁን ሌላ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንድ በኩል ማኅበሩን ማኅበር የሚያሰኘውን፣ በሌላ በኩል በልማድ የመጣውን ጻፉ። ይህን ስትሠሩ ቄሳችሁ ወይም የንስሐ አባታችሁ አብረው ይቀመጡ። እምነትና ሥርዓት የሚነካ ነገር የማኅበር ድምፅ የሚወስነው ስላልሆነ እነሱ ይመሩናል።

የእኛ ወረቀት በአንድ በኩል እንዲህ ይላል፦ ጸሎቱ፣ የመልአኩ መታሰቢያ፣ ስለ እሱ የተጻፈው ድርሳን መነበቡ፣ ጽዋውና ዳቦው፣ ጾሙ፣ ድኻ ማሰብ፣ መታረቅ። በሌላ በኩል ደግሞ፦ የወጡ ዓይነት ብዛት፣ የሚጠራው እንግዳ ብዛት፣ ሰዓቱ፣ መቀጫው፣ የሚያነበው ሰው ማንነት፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ተረኛው ሁሉንም ብቻውን መሸከሙ።

ስንጨርስ ወረቀቱን አይተን ዝም አልን። ከሁለቱ እህቶች ኩርፊያ በቀር ሰዎቹን ያባረረው ነገር ሁሉ በሁለተኛው በኩል ነበር።

አንዳንድ ሰው "ከአባቶች የወረስነውን እንዴት እንነካለን?" ይላል። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው፤ አትናቁት። ግን አባቶቻችን ራሳቸው የተሰጣቸውን ይዘው ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉ ሦስት ስልቶች ዜማውን ሲያመጣ ለሰሚው አዲስ ነበር። ዛሬ ያለ ያሬድ ዜማ ቅዳሴ ማሰብ አንችልም። አንድ ቀን አዲስ የነበረው ነገር ነው አሁን ጥንታዊ ብለን የምንጠብቀው።

3. ለሙሴው ቀድማችሁ ንገሩ

የማኅበር መሪ "ሙሴ" መባሉ ደስ ይለኛል። ዘጸአት ምዕራፍ 18ን አስታውሱ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሕዝቡን ሲዳኝ ይውላል። አማቱ ዮቶር መጥቶ ያያል። ያደረከው መልካም አይደለም፤ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ይለዋል። የሺ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቃ ሹም ብሎ ይመክረዋል። ሙሴም ሰማው። ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገረው ሰው የአማቱን ምክር ሰምቶ አሠራሩን ለወጠ።

ዮቶር ግን ምክሩን በሕዝቡ ፊት አልጮኸበትም። እናንተም እንደዚያው። ሐሳባችሁን ጉባኤ ላይ ድንገት ከጣላችሁት ትልልቆቹ "ሊያወርዱን ነው" ብለው ይደነግጣሉ። ቤታቸው ሂዱ። የቀሩትን ሰዎች ዝርዝር አሳዩአቸው። ምን መደረግ እንዳለበት ከመናገራችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ።

የእኛ ሙሴ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ባለ መቀጫው ጋሼ ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "እኔ ነኝ የጻፍኩበት" አሉ። በማግሥቱ ራሳቸው ሄደው ይዘዋቸው መጡ። መቀጫ የሚባለው ነገር በዚያው ቀረ፤ ድምፅ እንኳን አልሰጠንበትም። አሁን የቀረ ሰው ካለ በማግሥቱ ተረኛው ይደውልለታል፣ ቁራሽ ዳቦም ይልክለታል።

4. አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ለሦስት ወር

እኛ እዚህ ላይ ተሳስተናል። በመጀመሪያው ወር ሰዓቱንም፣ ምግቡንም፣ የንባቡንም ነገር አንድ ላይ ለወጥን። ይባስ ብለን ጠላውን በለስላሳ ተካነው። ተረኛውን ላለማድከም ብለን ነው። አንዲት አሮጊት እናታችን ጠርሙሱን አይተው "ጠላ የሌለበት ጽዋ ምን ጽዋ ነው?" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ተከትያቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ልክ ነበሩ። ጠላው ከማይነካው ወገን ነበር፤ ለእሳቸው ቢያንስ። ቀጥሎ ባለው ወር ጠላው ተመለሰ፤ በጋን መሆኑ ቀርቶ አንድ እንስራ ሆነ። ሁላችንንም አዳርሶ ተረፈ።

ስለዚህ አንድ በአንድ ሂዱ። "እንለውጠው" ሳይሆን "ለሦስት ወር እንሞክረው" በሉ። ይህ አባባል ብዙ ልብ ያሳርፋል፤ መመለሻ መንገድ አለውና። ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፉት፤ መቼ እንደተጀመረ፣ መቼ እንደሚገመገም። ሦስት ወር ሲሞላ እውነት ተነጋገሩበት። ያልሠራውን ተዉት፣ ማንም አይፈር።

ከየቱ ልጀምር ካላችሁ፣ ከድግሱ ጀምሩ።

5. ድግሱን በልክ አድርጉት

ማኅበር እየገደለ ያለው ድግስ ነው። እንዲህ ብዬ በግልጽ መጻፌ አንዳንዱን ያስከፋ ይሆናል። ግን በየሰፈሩ ያየሁት ይኼንን ነው። አንዱ አንድ በግ ሲያርድ ቀጣዩ ሁለት ያርዳል። ቀጥሎ ያለው ይበደራል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ይቀራል።

የእኛ ስምምነት እንዲህ ነው። ድፎ ዳቦ፣ አንድ እንስራ ጠላ፣ ቆሎ ወይም ንፍሮ፣ አንድ ዓይነት ወጥ በእንጀራ። ከዚህ በላይ ማንም አያቀርብም፤ ሀብታምም ቢሆን። ይህ የመጨረሻው ቃል ወሳኝ ነው። "የቻለ ይጨምር" ካላችሁ ያልቻለው ሰው ተመልሶ ያፍራል።

የጾሙን ነገር ቀድማችሁ አስሉት። በ12 ለምትሰበሰቡ ታኅሣሥ፣ መጋቢትና ነሐሴ ሁልጊዜም ጾም ላይ ይውላሉ፤ ነቢያት፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ የሚውልበትም ወር ይኖራል። እኛ ነገሩን ለማቅለል ዓመቱን ሙሉ የጾም ወጥ ብቻ እንዲሆን ወሰንን። ለዓመታዊዎቹ፣ ለኅዳር 12ና ለሰኔ 12 ብቻ፣ ጾም ካልሆነ ሌላ ይታሰባል። ሽሮና ምስር ለማንም አይከብድም።

ወጪውን ደግሞ ተካፈሉት። በወር ሁሉም ሰው 300 ብር ያዋጣል። አሥራ ሰባት ስለሆንን 5,100 ብር ይሆናል። ከዚያ 3,400 ብሩ ለተረኛው ይሰጣል፣ 1,700 ብሩ ይቀመጣል። የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ። 300 የሚከብደውን ሰው ሙሴው ብቻ ያውቃሉ፤ ሌላ ሰው አይጠይቅም። ሥራውም እንዲሁ ነው። እንጀራ የሚጋግር፣ ወጥ የሚሠራ፣ ዕቃ የሚያጥብ በተራ ይመደባል። ወንዶችም ያጥባሉ። መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር። አሁን ሙሴው ራሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲያጥቡ ማንም ቀና ብሎ አያይም።

ቤት የጠበበው ሰውም አይጨነቅ። ተራው ሲደርስ ሰፊ ሳሎን ያለው አባል ቤቱን ያውሰዋል። ደጋሹ ግን ያው ተረኛው ነው፤ ጸሎቱም በእሱ ስም ይደረጋል።

6. ንባቡ እንዲገባን አድርጉ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ድግሱን ብቻ አቅልለን ብንተወው ኖሮ ሰው ይመለስ ነበር፤ ግን በመንፈስ አያድግም ነበር። ያ ወጣት ያለው ትዝ ይበላችሁ፦ ይነበባል፣ ይበላል፣ ይሄዳል።

ድርሳነ ሚካኤል ለየወሩ የተዘጋጀ ንባብ አለው። ድሮ ቄሱ በግዕዝ ያነባሉ፣ እኛ ወጡ እንዳያርርብን በር በር እናያለን። አሁን ቀኑ እንዲህ ይሄዳል። ከቀኑ በ9 ሰዓት እንሰበሰባለን። ጧፍ ይበራል። ቄሱ በግዕዝ ጸሎት ይከፍታሉ፤ ግዕዙን አልተውነውም፣ መተውም አልፈለግንም። ከዚያ የወሩ ድርሳን በአማርኛ ይነበባል። አንባቢው ከወጣቶቹ አንዱ ነው። ከሳምንት በፊት ይነገረዋል። ከባድ ቃል ካገኘ ቄሱን ጠይቆ ይመጣል። በዚህ ብቻ ስንቱን ተማሩ መሰላችሁ።

ንባቡ ካለቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ዝም እንላለን። ሰዓት ይያዝበታል። መጀመሪያ ላይ አንድ ደቂቃ በጣም ረጅም ነበር፤ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ወንበሩን ይጎትታል። አሁን ግን እኔ ወሩን ሙሉ የምጠብቀው ያቺን ደቂቃ ነው። ከዚያ ሙሴው አንድ ጥያቄ ብቻ ያነሳሉ፦ "ከሰማችሁት ልባችሁ ውስጥ የቀረው የቱ ነው?" የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ዝም ይላል። ሕጉ ሦስት ነው። አንዱ ሌላውን አይሰብክም። ፖለቲካ አይነሳም። ስልክ በሩ አጠገብ ባለው ሌማት ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ ከተነሳ አትደንግጡ። በሦስተኛው ወር አንዲት ሃያ አንድ ዓመት የሆናት ልጅ ተነሳች። እናቷ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። "ሚካኤል ለዚህ ሁሉ ሰው ተአምር ከሠራ፣ የእኔን እናት ለምን አላዳናትም? እሷም እኮ በየወሩ ትዘክረው ነበር" አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዳንዶቻችን ልናስቆማት ፈልገን ነበር። ቄሱ ግን እጃቸውን አንስተው ያዙን። ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ "ልጄ፣ እኔም እናቴን የቀበርኩ ዕለት ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። ክህነት ላይ ሆኜ። እስከ ዛሬም አንዳንድ ሌሊት እጠይቀዋለሁ። ግን መጠየቄን ሳላቆም እሱም ከአጠገቤ አልሄደም" አሏት። ልጅቷ አለቀሰች። አጠገቧ ያሉት አሮጊት እናት፣ ያኔ ጠላ ያጡት፣ በነጠላቸው ጫፍ እንባዋን ጠረጉላት።

ያ ቀን ሲያልፍ የማኅበሩ ነገር ተለወጠ። ሰው ጥያቄውን ይዞ መምጣት ጀመረ። ሁሉም መልስ አያገኝም። ከባድ የሆነውን ቄሱ "አጥንቼ እመጣለሁ" ይላሉ፣ ይመጣሉም። ምክሬ ይኼ ነው፦ ለሁሉም ጥያቄ ወዲያው መልስ ለመስጠት አትሽቀዳደሙ። የደነገጠ መልስ ከዝምታ የበለጠ ይጎዳል።

7. ለወጣቶች ሥራ ስጡ

ወጣቱን ጠርቶ ጥግ ላይ ማስቀመጥ መጥራት አይደለም። አንዱ ያንብብ፣ አንዷ መዝገብ ትያዝ፣ አንዱ የመዋጮውን ሒሳብ ይሥራ። የእኛ ገንዘብ ያዥ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሒሳቡን በየወሩ በቴሌግራም ግሩፓችን ይለጥፈዋል። ከሱ በፊት በስንት ዓመት አንዴ ነበር ሒሳብ የምንሰማው።

ሲሳሳቱ ደግሞ በሰው ፊት አትቁጧቸው። ይህን ብቻ ብትጠብቁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

8. የተበተኑትን አስቡ

ሰፈር ሲፈርስ ማኅበርም አብሮ ይፈርሳል። ጎረቤት የነበርን ሰዎች ዛሬ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ገላን ጉራ ነን። ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት አመጣነውና 12 ሰዓት ሳይሞላ እንበተናለን። መኪና ያለው የሌለውን ያደርሳል። ቀኑ የሥራ ቀን ሲሆን ሥራ ያለበት ሰው ሲወጣ ይደርሳል፣ ጽዋው ይጠብቀዋል።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ 12ን ቅርብ ወዳለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ያዞሩታል። ሥራው አያስቀምጥማ። እኛ ቀኑን ይዘን መቆየት ስለቻልን ያዝነው። እናንተ ካልቻላችሁ ቄሳችሁን ጠይቁና አዙሩት። ልጆቻቸው አማርኛ የማይሰሙላቸው ደግሞ ንባቡን ልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ አሳጥረው ይደግሙላቸዋል። ጥሩ አድርገዋል።

አንዲት አባላችን ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። የንባቡን ድምፅ ቀድተን በቴሌግራም እንልክላታለን። እሷ ማታ ሥራ ስትጨርስ ትሰማና "ልቤ ውስጥ የቀረው" ብላ በድምፅ ትመልሳለች። በሚቀጥለው ወር ከንባቡ በፊት እናሰማዋለን። አንዳንዴ ከጀርባዋ የዕቃ ድምፅ ይሰማል። ስልክ ጽዋ አያጠጣም፤ ሰው ማቀፍም አይችልም። ስለዚህ እዚሁ ከተማ ላለ ሰው ስልክን መቅሪያ አታድርጉለት። ለራቀው ግን ይሁን።

9. ማኅበሩ ከቤት ይውጣ

ያ የሚቀመጠው 1,700 ብር ለዚህ ነው። ማቴዎስ 25 ላይ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ተርቤ አብልታችሁኛል፣ ታምሜ ጠይቃችሁኛል፣ ታስሬ መጥታችኋል። በየሦስት ወሩ የተጠራቀመውን ይዘን አንድ ቦታ እንሄዳለን። ሆስፒታል ጠያቂ የሌለው በሽተኛ፣ ደጀ ሰላም ያሉ አረጋውያን፣ በሰፈሩ የታወቀ ችግረኛ ቤት። ፎቶ አንነሳም። ይህንንም ቃለ ጉባኤ ላይ ጽፈነዋል።

በእኔ ዓይን ሰው በመንፈሳዊ ሕይወቱ ማደጉ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሒሳብ ያዡ ልጅ አንድ ቀን የአንድ ሽማግሌ እግር ሲያጥብ አይቼዋለሁ። ማንም አላዘዘውም። ውኃው እስኪሞቅ ጠብቆ፣ በእጁ ሙቀቱን ለክቶ ነው ያጠበው።

10. ጠብ ሲነሳ

ይነሳል። ሳይነሳ ከቀረ ለውጡ ማንንም አልነካም ማለት ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች እንኳን አጉረምርመዋል። ማዕዱ ሲታደል የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተረሱ ተባለ። ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም። እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት ዲያቆናት እንዲመረጡ አደረጉ። ቅሬታው አዲስ አገልግሎት ወለደ።

በአገራችንም የሰንበት ክርክር ነበረ። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በማለታቸው ለረጅም ዘመን ተገፍተው ኖረዋል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ተደረገ። ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። የኤዎስጣቴዎስ ወገኖችም በበኩላቸው ሲርቁት የኖሩትን፣ ከግብፅ ከመጡት ጳጳሳት ክህነት መቀበልን፣ ተስማሙ። ሁለቱም ወገን የሆነ ነገር ይዞ፣ የሆነ ነገር ሰጥቶ ነው የወጣው። ማኅበራችሁ ውስጥ ስትሸመግሉ ይህን አስቡ። አንዱ ወገን ባዶ እጁን ከሄደ ዕርቁ አልጸናም።

በሠርግ የተኳረፉትን ሁለት እህቶች ለማስታረቅ አራት ወር ፈጀብን። ሽማግሌ ላክን፣ እምቢ አሉ። ደግመን ላክን። በመጨረሻ ያስታረቃቸው የሽማግሌ ንግግር አልነበረም። ሁለቱንም በአንድ ወር ለእንጀራ ጋገራ መደብናቸው። ምጣዱ አንድ ነው። መጀመሪያ "ሊጡን አቀብዪኝ" ነው የተባባሉት። እስከ አሥረኛው እንጀራ ድረስ ሌላ ቃል አልነበረም። ከዚያ አንደኛዋ "ዓይንሽ ቀልቷል፣ ጭሱ ነው?" አለች። ሌላዋ "ጭሱ አይደለም" አለች።

ሄዶ የማይመለስም ይኖራል። እኛም አንድ ሰው አጥተናል። ድግሱ መቀነሱን እንደ ውርደት ቆጥሮት ሄደ። ስሙን ከመዝገብ አልሰረዝነውም። በየወሩ ዳቦው ይላክለታል። እስካሁን መልሶ የላከው የለም፤ ተቀብሎ ዝም ይላል። እኛም መላኩን አናቆምም።

11. በዓመቱ ቁጭ ብላችሁ ተጠያየቁ

ኅዳር 12 ሲደርስ ለዚህ ብቻ አንድ ሰዓት መድቡ። የሰው ብዛት አትቁጠሩ። ይህን ጠይቁ፦ ዘንድሮ ማን ታረቀ? ማን ንስሐ ገባ? ማን መጸለይ ጀመረ ወይም ተመለሰ? ያለ እኛ ብቻውን የነበረ ማን ነው፣ አሁንስ? ከዚያ የመጀመሪያውን ወረቀት፣ የቀሩት ሰዎች ስም ያለበትን፣ እንደገና አውጡ። አዲስ ስም ካለ ጨምሩበትና ከቁጥር 1 ጀምሩ።

ባለፈው ኅዳር 12 ሙሴው "ጽዋውን ማን ያንሳ?" አሉ። ያቺ የአራተኛ ፎቋ እናት ተነሳች። ሳሎን እናውስሽ አልናት። "አይሆንም፣ ቤቴ ይግባልኝ" አለች። ለታኅሣሥ 12 ሁላችንም ቤቷ ሄድን። ሶፋው ስላልበቃን ግማሻችን አልጋው ላይ፣ ወጣቶቹ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጎረቤቶቿ ምንድነው ብለው በር ከፍተው አዩ፤ ሁለቱ ገብተው አብረውን ጸለዩ። ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በግማሽ የቆመው ገጽ ተገልብጦ፣ አዲሱ ገጽ ላይ የአሥራ ሰባታችን ስም በእጇ ተጽፎበታል፤ ከጎኑ ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ደረጃ መውጣት እንደማይችልና ማን ደግፎ እንደሚያወጣው።